ቁልፉ በየት በኩል ነው?

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። የጠየቀችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ማንበብ ብዙም አትወድም፤ ሆረር የሚባለው አስፈሪ ታሪክ ደግሞ ጭራሽ አይሆንላትም። ግን እኔ በስንት ዓመት ንባብ ያላስተዋልኩትን ነገር በአንድ ጥያቄ አሳየችኝ።

ክረምት ነበር፣ መብራት ሄዷል። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከመጽሐፍ አዟሪ የገዛሁትን፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተለጣጠፈ የስቲቨን ኪንግን «ሚዘሪ» በሻማ እያነበብኩ ነው። እሷ ፍራሽ ላይ ጋደም ብላ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ ባትሪዋ ሲያልቅባት፣ «ምንድነው እንደዚህ ያፈጠጥሽበት? እስቲ ለእኔም ንገሪኝ» አለችኝ።

ነገርኳት። ፖል ሼልደን የሚባል ስመ ጥር ደራሲ አለ። አሜሪካ ውስጥ፣ ኮሎራዶ ተራራ ላይ፣ በበረዶ ውሽንፍር መኪናው ይገለበጣል። ሁለቱም እግሮቹ ይሰባበራሉ። አኒ ዊልክስ የምትባል፣ ድሮ ነርስ የነበረች ሴት ታገኘውና ብቻዋን ወደምትኖርበት ቤት ትወስደዋለች። እንዳንተ የምወደው ደራሲ የለም፣ አንደኛ አድናቂህ ነኝ ትለዋለች። ታክመዋለች፣ ታበላዋለች፣ ማስታገሻ ትሰጠዋለች። ሆስፒታል ግን አትወስደውም። ለማንም አትናገርም።

እዚህ ላይ አቋረጠችኝ።

«ቁልፉ በየት በኩል ነው?»

«የምን ቁልፍ?»

«የክፍሉ ነዋ። ከውስጥ ነው ከውጪ?»

«ከውጪ።»

«በቃ፣ ገባኝ» አለች።

ገና ስለ መጥረቢያው አልነገርኳትም ነበር። አኒ ነርስ በነበረችበት ጊዜ እጇ ላይ ስለሞቱት ሰዎችም አልነገርኳትም። እሷ ግን የመጽሐፉን ፍርሃት ጨርሳዋለች።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ዐረብ ሀገር ሦስት ዓመት ከምናምን ሰው ቤት ሠርታ ነው የተመለሰችው። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና የነበረችበትን ሀገር ግን አልጠቅስም። ከመጣች ጀምሮ አብረን ነው የምንኖረው። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። የትም ቤት ስንገባ፣ ጎረቤት ቡና ተጠርተን እንኳ ቢሆን፣ ዓይኗ ቀድሞ የሚሄደው በሩ ላይ ነው። ሰዎቹን ሰላም እያለች መቆለፊያውን ታያለች። ቁልፉ በውስጥ በኩል ተሰክቶ ካየች ትቀመጣለች። ካላየች በሩ አጠገብ ያለችውን ዱካ ትመርጣለች።

ልጅ ሆነን የሚያስፈራን ነገር ሁሉ ውጪ ነበር። አያ ጅቦ ውጪ ነው። ጭራቁ ጫካ ውስጥ ነው። «ሲመሽ እንዳትወጪ፣ ጅብ ይበላሻል» ነው የሚባለው። ቤት ውስጥ ግን እሳት አለ፣ አያቴ አለች፣ ጋቢዋ አለ። ማታ አያቴ የበሩን መወርወሪያ ስታስገባ የሚሰማው የእንጨት ድምፅ ለእኔ እስከ ዛሬ የሰላም ድምፅ ነው። በሩ ሲዘጋ ፍርሃቱ ውጪ ቀረ ማለት ነው።

ሳይኮሎጂካል ሆረር የሚባለው የልብወለድ ዓይነት ያንን ድምፅ ነው የሚቀማሽ። በሩ ይዘጋል፣ መወርወሪያው ይገባል፤ ጭራቁ ግን ውስጥ ነው። ሾርባ ይዞልሽ ይመጣል።

ሾርባ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1987 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የወጣውን ይህን መጽሐፍ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አኒ የፖልን እግር በመጥረቢያ በምትቆርጥበት ቦታ ነው። በ1990 በወጣው ፊልም ላይ ቁርጭምጭሚቱን በመዶሻ ወደ መስበር ተቀይሯል፤ አኒን ሆና የተጫወተችው ካቲ ቤትስም በዚሁ ሥራዋ ኦስካር ወስዳለች። እኔን ግን ከመጥረቢያው በጣም ቀደም ብላ የምትመጣ አንዲት ትንሽ ትዕይንት ናት እንቅልፍ የምትነሳኝ።

ፖል ከአልጋው መነሳት አይችልም። አኒ ገና ያልታተመ አዲስ ሥራውን ማንበብ ጀምራለች፤ ስድብ ስለበዛበት አልወደደችውም። ሾርባ እያበላችው ስለዚሁ ያወራሉ። ድንገት ትቆጣለች። ሾርባው ይደፋል፣ ሳህኑ ግድግዳ ላይ ተወርውሮ ይሰበራል። ከዚያ ዝም። ትንሽ ቆይታ ባልዲና ጨርቅ ይዛ ተመልሳ፣ ግድግዳውን ቀስ ብላ፣ በሳሙና፣ ጥርት አድርጋ ታጥባለች። የማስታገሻው ሰዓት አልፏል። እግሮቹ እየተቃጠሉ ነው። ኪኒኖቹ እሷ ጋ ናቸው። እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ጨርቁ ሲጨመቅ ያዳምጣል። በመጨረሻ ኪኒኖቹን ይዛለት ትመጣና የምትውጥበት ውኃ ይኸው ትለዋለች። ባልዲው ውስጥ ያለውን እጣቢ ነው።

ይጠጣዋል።

ደም የለም። ጩኸት የለም። ማንም አልሞተም። እኔ ግን መጽሐፉን አጥፌ ተነስቼ ውኃ ልጠጣ ሄጄ፣ ብርጭቆውን ከሞላሁት በኋላ መጠጣት አቃተኝ። እዚያ ቦታ ላይ የተሰበረው አጥንት አይደለምና። ፖል ለአንድ ኪኒን ሲል ምን ድረስ እንደሚወርድ አየ። እሷም አየች። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ፣ መጥረቢያው ጭምር፣ ሁለቱም ይህንን አውቀው የሚኖሩበት ነው።

ኪንግ ራሱ ይህን መጽሐፍ ሲጽፍ የአልኮልና የኮኬይን ሱሰኛ እንደነበር፣ ታሪኩም ስለዚያው እንደነበር በኋላ ጽፏል። ይህን ካወቅኩ በኋላ የባልዲው ትዕይንት ሌላ መልክ ያዘ። ሕመምሽን የሚያስታግስልሽ ነገር ራሱ ጌታሽ ሲሆን ማለት ነው። እጣቢም ቢሆን ትጠጫለሽ።

አኒ ደግሞ ራሷን ጨካኝ አድርጋ አታይም። ይህ ነገር በጣም አስፈላጊ ነው። አፏን ሞልታ አትሳደብም፣ የሕፃን በሚመስሉ ቃላት ነው የምትቆጣው። እንደ እናት ትገስጻለች። ለራሱ ሲባል፣ ለጥቅሙ ሲባል ነው ሁሉም ነገር። የማይነገር ክፋት ሠርታ ሲያበቃ እንኳ የተበደለችው እሷ ናት። ደግሞ ደግ የሆነችባቸው ቀናት አሉ፣ በእውነት ደግ። ፖል ከእግሯ ኮቴ ዛሬ የትኛዋ አኒ እንደምትመጣ ለመለየት ጆሮውን ያሠለጥናል።

ይህን ሳነብላት የአክስቴ ልጅ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «የማዳምን ጫማ ድምፅ አሁንም ልነግርሽ እችላለሁ» አለች። ማዳሟ ሁልጊዜ ክፉ አልነበረችም። አንዳንድ ቀን ሽቶ ትሰጣታለች፣ ልጄ ትላታለች፣ ፀጉሯን እየነካች ምን የመሰለ ፀጉር አለሽ ትላታለች። በሌላ ቀን፣ በምን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ምግብ የለም፣ ስልክ የለም፣ ሻወር የለም። «ሁልጊዜ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። እጠላትና ይወጣልኝ ነበር። እኔ ግን ደግ የምትሆንበትን ቀን እጠብቅ ነበር፤ ያ ነው የሚያንገበግበኝ።»

እዚህ ላይ ለደራሲዎች ያለኝን ትልቁን አክብሮት መናገር አለብኝ። ስለ ጭካኔ በደንብ የጻፉ ሰዎች ጨካኙን አውሬ አያደርጉትም። የሚያስፈልግሽ ሰው ያደርጉታል። እኛ «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» እንላለን። ለቅሶ ቤት ይባላል፣ የታመመ ሲጠየቅ ይባላል፣ እውነትም ነው። ይህ ዓይነት ልብወለድ ይህንኑ አባባል ይይዝና አንድ ነገር ብቻ ይጨምርበታል፤ መድኃኒት የሚሆንሽ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ቢቀርስ? እሱም በሽታሽ ቢሆንስ?

ስለዚህ ብቸኝነት ስል ሰው አለመኖሩን ማለቴ አይደለም። ድሮ ነበር እንደዚያ የማስበው። ባዶ ቤት፣ በረዶ የዘጋው መንገድ፣ ጫካ መሃል ያለ ጎጆ፤ ለማስፈራራት ተብሎ የሚደረደር ጌጥ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን በረዶውም ተራራውም አንድ ሥራ ብቻ እንዳላቸው ገብቶኛል። ሦስተኛውን ሰው ማስቀረት ነው ሥራቸው። አኒና ፖል ሁለት ናቸው። ሁለት ሰው ባለበት ቤት አንዱ «ይህ ልክ አይደለም» ቢል ሌላው «ልክ ነው» ይላል፤ ያኔ ጉልበት ያለው ያሸንፋል። ሦስተኛ ሰው ከመጣ ነገሩ ያልቃል። ለዚህ ነው በመጽሐፉ ውስጥ የመኪና ድምፅ ከሩቅ በተሰማ ቁጥር ትንፋሼን የምይዘው።

«ጋዝላይቲንግ» የሚለውን ቃል አሁን አሁን ቲክቶክ ላይ በአማርኛ ሲያወሩበት እሰማለሁ። ከየት እንደመጣ ግን የሚያወራ ብዙም አላጋጠመኝም። ፓትሪክ ሃሚልተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1938 ከጻፈው ቴአትር ነው። በ1944 ኢንግሪድ በርግማን የተጫወተችበት ፊልም ሆነ፤ እሷም በዚህ ኦስካር አገኘች። ታሪኩ ቀላል ነው። ባልየው ማታ ማታ ሥራ አለኝ ብሎ ይወጣና በሌላ በኩል ዞሮ ጣሪያ ሥር ወዳለው ክፍል ይገባል፤ የተገደለችውን የሚስቱን አክስት ጌጣጌጥ ፍለጋ። እዚያ ላይ የጋዝ መብራት ሲለኩስ የታችኛው ቤት መብራት ይደክማል። ሚስቲቱ ታያለች። መብራቱ ቀነሰ ትላለች። አዎ የሚላት የለም። ባሏ ደግሞ ዕቃ ትጥያለሽ፣ ትረሻለሽ፣ ደህና አይደለሽም እያለ ከሰው ነጥሏታል። ቀስ በቀስ ዓይኗን ማመን ትተዋለች።

ከዚያ አንድ መርማሪ ፖሊስ ቤቷ ይመጣል። እያወሩ ሳሉ መብራቱ ይደክማል። እሱም ቀና ብሎ ያያል። እሱም አየ።

እዚህ ትዕይንት ላይ አለቀስኩ። መርማሪው ገና ማንንም አላሰረም፣ አንዳችም አላዳነም። ያየችውን አየ፣ በቃ። ሴትዮዋ ፊት ላይ ያለውን ነገር ግን ተመልከቱት።

ሰለሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሠራው አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። ለሰዎች መስመሮች ይቀርባሉ፣ ርዝመታቸው የትኛው ከየትኛው እኩል እንደሆነ መናገር ነው፣ ለማንም ግልጽ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ሰዎች ግን በስምምነት ሆን ብለው ስህተቱን ይመልሳሉ። ከተፈተኑት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንዴ የዓይናቸውን ትተው የሌላውን ተከትለዋል። ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ከተናገረ ግን የሚከተለው ሰው ቁጥር በጣም ይቀንሳል። አንድ ሰው ነው የበቃው። ሆረር ጸሐፊዎች ይህንን ከማንም ቀድመው ያውቁት ነበር፤ ስለዚህ ያንን አንድ ሰው አስቀድመው ይወስዱብሻል።

እኛ ቋንቋ ውስጥ ይህንን የሚያክል ቃል አለ፤ ጨለማ ቤት። እስረኛን ለብቻው የሚዘጉበት ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ባጸደቀውና በኔልሰን ማንዴላ ስም በተጠራው የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ አንድን ሰው በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለብቻው ዘግቶ ከ15 ተከታታይ ቀናት በላይ ማቆየት ክልክል ነው። 15 ቀን! ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው ቁጥሩ ትንሽ መሰለኝ። ከዚያ የአክስቴን ልጅ ታሪክ ሰማሁ።

ለዒድ ቤተሰቡ ሌላ ከተማ ሄደ፤ አራት ቀን። ዳቦና አይብ ተቆጥሮ ተተወላት። ስልኳን ማዳሟ ወሰደችው። በሩ ከውጪ ተቆለፈ። «መጀመሪያ ቀን ደስ አለኝ» ትላለች። «እፎይ አልኩ፣ ተኛሁ። ሁለተኛው ቀን ድምፄን ልሰማ ፈለግኩ። ዝም ብሎ ማውራት ደግሞ አሳፈረኝ፣ እብድ መሰልኩ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ፣ ደህና አደርሽ አልኩ። ከዚያ ራሴው መለስኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ ደህና አደርሽ? ቤተሰቦችሽ ደህና ናቸው? ደህና ናቸው። ልጆቹ ደህና? ደህና። ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ሁሉንም። ወጥ ቤት ቆሜ፣ አንዴ በዚህ በኩል ሆኜ፣ አንዴ በዚያ በኩል ሆኜ። የሁለታችንንም።»

ይህን ስትነግረኝ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም። የእኛ ሰላምታ ለምን እንደዚያ እንደሚረዝም ያን ቀን ነው የገባኝ። እያንዳንዱ ጥያቄ አለሽ ወይ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ መልስ አለሁ ነው። እሷ ሁለቱንም ብቻዋን ይዛ አራት ቀን ቆየች።

አንድ ደራሲ ይህንን ትዕይንት ቢጽፈው ከየትኛውም መንፈስና አጋንንት ታሪክ በላይ ያስፈራኛል።

ግን ቁልፍም በርም ሳይኖር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበትም መነጠል አለ። ሸርሊ ጃክሰን የምትባል አሜሪካዊት «ሎተሪ» የሚል አጭር ልብወለድ አላት። በሰኔ 1948 ኒው ዮርከር መጽሔት ላይ ነው የወጣው። ጥቂት ገጽ ነው፣ ያላነበበ ሰው ካለ እዚህ ጋ ያቁምና አንብቦ ይመለስ፤ መጨረሻውን ልናገር ነው።

የአንዲት ትንሽ መንደር ሰዎች፣ ሦስት መቶ ያህል ናቸው፣ በበጋ ጠዋት አደባባይ ይሰበሰባሉ። በየዓመቱ የሚደረግ ዕጣ ነው። ልጆች ድንጋይ ይለቅማሉ፤ ሲጫወቱ ይመስላል። ወንዶቹ ስለ እርሻና ስለ ግብር ያወራሉ። ቴሲ ሃችንሰን ዘግይታ ትመጣለች፤ ቀኑን ረስታው ዕቃ እያጠበች ነበር። ሰው ይስቃል። አጠገቧ ከቆመችው ጎረቤቷ ከወይዘሮ ደላክሯ ጋር ትንሽ ትሳሳቃለች። ዕጣው ይወጣል። የቴሲ ቤተሰብ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ ቴሲ ላይ። ወይዘሮ ደላክሯ፣ ያቺው አሁን አብራት የሳቀችው፣ በሁለት እጅ ካልሆነ የማይነሳ ድንጋይ ትመርጣለች። የቴሲ ትንሹ ልጅም ጠጠር ይሰጠዋል።

የመጀመሪያው ድንጋይ ከመድረሱ በፊት ያለችውን ቅጽበት ነው ደጋግሜ የማነበው። ሰዎቹ ፈቀቅ ይላሉ፣ መሃል ላይ ባዶ ቦታ ይሆናል፣ እሷ እዚያ ትቀራለች። የዓመታት ጎረቤትነት ባንድ እርምጃ አለቀ። እኔ ሰፈር ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ዕድር የሚቀብርሽ፣ ጎረቤት ልጅሽን የሚያሳድግልሽ ሰፈር። ለእኔ ተራራ ላይ ካለ ብቸኛ ቤት ይልቅ ይህ ክብ ይብሳል። ቢያንስ ፖል አኒን አያውቃትም ነበር። ቴሲ ሁሉንም በስማቸው ታውቃቸዋለች።

ጃክሰን በዚያ በጋ ከሦስት መቶ በላይ ደብዳቤ እንደደረሳት በኋላ ተናግራለች። አብዛኛው ቁጣና ግራ መጋባት ነው። ጥቂቶቹ ግን ይህ ሎተሪ የት ቦታ እንደሚካሄድና ሄደው ማየት ይችሉ እንደሆነ የጠየቁ ናቸው። እነዚህን ሰዎች ከታሪኩ ውስጥ ካሉት መለየት ያቅተኛል።

በዚህ ሁሉ ምክንያት፣ ሰው እየቆራረጡ የሚያሳዩ የሆረር ፊልሞች ለእኔ ፍርሃት አይደሉም። ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ያልፋል። ገዳዩን አላውቀውም፣ ምንም አላደረገልኝም፣ አንድ ጊዜም ሾርባ አላመጣልኝም። ስለዚህ ስወጣ ከሲኒማ ቤቱ ጋር ጥዬው እሄዳለሁ። የባልዲውን ውኃ ግን ይኸው እስከ አሁን ይዤው እዞራለሁ።

በአማርኛ እንዲጻፍ የምመኘው አለ። ቁሳቁሱ በየቤታችን ሞልቷል። ከገጠር «ላስተምራት» ተብላ የመጣች የዘመድ ልጅን አስቡ። ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝታ፣ አደራ ብላ፣ አልቅሳ ተመልሳለች። አክስቷ አዲስ ቀሚስ ገዝታላታለች፣ ለእንግዳ «ልጄ ናት» ትላለች። ልጅቷ ግን ትምህርት ቤት ዘንድሮ አልገባችም፤ ለከርሞ ነው። ለከርሞም ለከርሞ ነው። የምትተኛው ወጥ ቤት ነው። ማንም አልመታትም ይሆናል። ምግብ ትበላለች፤ ምን ያህል እንደበላች ግን ይታያል። እናቷ ስትደውል ስልኩ ላውድ ላይ ተደርጎ፣ አክስቷ አጠገቧ ተቀምጣ፣ «በይ ንገሪያት፣ ደህና ነኝ በያት» ትላታለች። «ደህና ነኝ እማዬ።»

ፊልሞቻችን ይህንን ሲነኩት ሙዚቃ ይለቁበታል፣ ዱላ ያበዙበታል፣ አክስቲቱን ገና ከበር ስትገባ ቅንድቧን ያስኮስትሯታል። እኔ ያለ ሙዚቃ ነው የምፈልገው። አክስቲቱ በእርግጥ የምትወዳት፣ ቢያንስ የምትወዳት የሚመስላት፣ ቤተ ክርስቲያን የምትስም፣ በሰፈሩ የተከበረች ሴት ሆና። አንባቢውም ሃምሳ ገጽ ድረስ ምን እንደሚያስጨንቀው ሳያውቅ። አንድ ሰው ይጻፈውና የመጀመሪያዋ ገዥ እኔ ልሁን።

ባለፈው ሳምንት መብራት እንደገና ሄደ። የአክስቴ ልጅ ራሷ፣ «ሌላ የለሽም? አጭር ይሁን» አለችኝ። የቻርሎት ፐርኪንስ ጊልማንን «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» በስልኬ ከፈትኩና ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። በ1892 የወጣ ታሪክ ነው። አንዲት አራስ ሴት አእምሮዋ ተረብሿል። ባሏ ሐኪም ነው። ዕረፍት ያስፈልግሻል ብሎ ለበጋ በተከራዩት ትልቅ ቤት ላይኛው ፎቅ ያስተኛታል። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። አልጋው ከወለሉ ጋር ተቸንክሯል። መጻፍ አይፈቀድላትም፤ ጭንቅላቷን ያደክማል ተብሎ። ሰው መጠየቅም አይፈቀድላትም። ባሏ አይመታትም፣ አይጮህባትም። በጣም ይወዳታል። እንደ ሕፃን ያባብላታል። የምትለውን ብቻ አይሰማም። የቀራት ነገር ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቢጫ ወረቀት ማየት ነው። ቀስ በቀስ ከወረቀቱ ሥዕል ጀርባ የታሰረች ሴት ትታያታለች፤ ፍርግርግ የምትነቀንቅ ሴት።

«ይህ የሆነ ነው?» አለችኝ መሃል ላይ። ጸሐፊዋ ራሷ እንደዚህ ዓይነት ሕክምና እንደደረሰባት ነገርኳት። በ1887 ዊር ሚቸል የተባለ በጊዜው የተከበረ ሐኪም፣ እንድታርፍ፣ ማንበብና ማሰብ በቀን ከሁለት ሰዓት እንዳይበልጥባት፣ ብዕርና ብሩሽ ደግሞ ዕድሜ ልኳን እንዳትነካ አዟት ነበር። ወራት ያህል ታዛ ሞከረችውና አእምሮዋን ልትስት ጥቂት ሲቀራት ትዕዛዙን ጥላ ብዕሯን አነሳች።

«ደግ አደረገች» አለች የአክስቴ ልጅ። «ቀጥዪ።»

መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ ባሏ በሌለበት በሩን ትቆልፋለች። ወረቀቱን ትልጣለች። ቁልፉን በመስኮት፣ ታች ደጁ ላይ ወርውራዋለች።

«ራሷ?»

«ራሷ።»

ብዙ ዝም አለች። ሻማው ሊያልቅ ነበር። ከዚያ ተነስታ በካልሲዋ ወደ በሩ ሄደች። ሁለቴ አዞረችው። ቁልፉን ነቅላ ይዛው መጣችና ትራሷ ሥር ከተተችው፤ ጋደም አለች።

«እሺ፣ ባሏ መጣ። ከዚያስ?»